ከአበባው ስር

ሃምቡርግ፣ በአገራችን አቆጣጠር ሚዛን ወር 6 ቀን 1402

ይድረስ ለተማሪዬ ለዱርዳና ጃን፤ ሄራት።

ሰላም ለአንቺ፣ ለታመሙት እናትሽ፣ በጣሪያሽ ስር ለሚውሉና ለሚያድሩ ሁሉ ይሁን። የእኔን ጤና ከጠየቅሽ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ጥያቄዎችሽን በቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ። ሄራት ሂሳብ ሳስተምርሽ ቀላሉን መልሰሽ ከባዱን ታልፊው ነበር፤ አሁን እንዴት እንደሚደረግ እይ። ልጅሽ ሙርሳል ትበላለች፤ የአጎቷ ሚስት በምግብ ላይ ክፉ አይደለችም። ባለፈው ክረምት ስትመጣ የገዛሁላት ካፖርት እጅጌው አጥሯታል። ፀጉሯን ትሸፍናለች ወይ ላልሽው ራሷን ጠይቂያት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ አፍ አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምንጣፍ መጋዘኑ በላይ ባለችው ክፍል ለአገራችን ሴት ልጆች ሳስተምር ከፊት የምትቀመጠው እሷ ናት። እንዳንቺ ፈጣን ናት፤ እንዳንቺም ትቸኩላለች።

ስለ ማኅበሩ ለጠየቅሽኝ ግን ስጽፍ ብዕሬ ወረቀቱን ይበሳዋል። ከእርጅና አይደለም።

ስደተኛ ልጃገረዶችን የሚደግፍ ማኅበር ነው። የምትመራው ወይዘሮ ሊንድነር ደግ ናት፤ ደግነቷን አልክድም። ከወደቡ ማዶ ባለው ጥሩ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ውስጥ የማውቃቸው ሰዎች አሉ፣ ሙርሳልን አስገባታለሁ ትላለች። ካልገባች ቋንቋ ብቻ በሚማሩበት ክፍል ትቆያለች። እዚያ ባለፈው ሳምንት የሰጧት የሂሳብ ሥራ በሥዕል ላይ ያሉ ፖሞችን መቁጠር ነው። ፖም! አንቺ እኮ ይህችን ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቷ አልጀብራ አስተምረሻታል።

በምላሹ የሚጠይቁት በመጪው የለጋሾች የራት ግብዣ ላይ ቆማ ታሪኳን እንድትናገር ነው። መቼም አልጠገቡትም። ያለፈው ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ቀመሩን ግማሽ አድርሳ ሳለ በሩ ተከፈተ፤ ወይዘሮ ሊንድነር እንግዶች አስከትላለች። «ሙርሳል፣ እስቲ ምን እንደደረሰብሽ ንገሪያቸው» አለቻት። ልጅሽ ጠመኔውን እንደያዘች፣ አክስቴ ወደምትለኝ ወደ እኔ ዞራ በቋንቋችን፣ «አክስቴ፣ ዛሬ ላልቅስላቸው ወይስ ለሚቀጥለው ላቆየው?» አለችኝ። ጓደኞቿ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እንግዶቹ ሰሌዳውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

አጎቷ ዘልማይ ደግሞ ዳቦ ቤቱ ስሄድ፣ «መምህርት፣ ትንሽ ብትናገር ምን ትጎዳለች? ምላስ እንደሆነ አያልቅ» ይለኛል።

የእኔ መልስ «አትናገር» ነው። ነገር ግን እናቷ አንቺ ነሽ። ቁርጡን ጻፊልኝ። በስልክ አይሁን፤ ኬላ ላይ ስልክ እንደሚፈተሽ ራስሽ ነግረሽኛል። ይህን የምታመጣልሽ ቢቢ ሻህ የሳፍሮን ቅመም ነጋዴ ሚስት ናት፤ መልሱንም ለእሷው ስጪ።

መምህርትሽ ሸፊቃ


ሄራት፣ አቅራብ 9 ቀን

ለተከበሩ መምህርቴ፣

እጅዎን እስማለሁ። ስለ መዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ፤ ወረቀቱ ላይ ስላረፈው ቢጫ የጣት አሻራም እንዲሁ። ሳፍሮን ለቀማ ላይ ነን።

ወቅቱን አይረሱትም። ሐምራዊው አበባ ጎህ ሳይቀድ ከማሳ ይመጣል፤ ሳይጠወልግ ቅመም የሚሆኑት፣ ጣት ቢጫ የሚያቀልሙት ቀያይ ክሮቹ ከመሃሉ መለቀም አለባቸው። በዚህ ወር ሴቶች አንድ ቤት ተሰብስበው ቢውሉ ማንም «ምን ትሠራላችሁ?» አይልም። ወንድ ደግሞ ለቀማ ክፍል አይገባም፤ ነውር ነው። ሴት ልጅ ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳትማር የከለከሉት ሰዎችም ይህን ነውር ይፈሩታል። ለእኔ የቀረችኝ በር ይህች ናት።

ልጆቹ ቡርቃቸውን ለብሰው ቅርጫት ይዘው ይገባሉ። ጨርቁ ላይ የአበባ ክምር አለ፤ ከክምሩ ስር መጽሐፍ አለ። ጣታቸው ይለቅማል፣ ዓይናቸው ያነባል። አበባው ሲያልቅ ክሩን እየመረጥንና እያሸግን እስከ ጸደይ እንዘልቃለን። ወረቀቴንም ከሳፍሮኑ ጋር በአንድ ቆርቆሮ ነው የማስቀምጠው፤ ሙርሳል ደብዳቤዬ ቤት ቤት ይሸታል ያለችዎት ለዚህ ነው። እሷም እስክትሄድ ድረስ የተማረችው እዚሁ ጨርቅ ዙሪያ ከጓደኛዋ ከፈሪሽታ ጎን ተቀምጣ ነበር። ፈሪሽታ አሁንም ትቀልዳለች። ትናንት፣ «መምህርት፣ ስንማር ስንማር ጣታችን ወርቅ ሆነ፤ ጭንቅላታችን መቼ ነው?» ብላ ሁሉንም አሳቀች። «ድምፅ ቀንሱ» እያልኩ እኔም ሳቅሁ።

የጠየቁኝን ደጋግሜ አሰብኩበት። ልጄ ፖም እየቆጠረች እንድታረጅ አልፈልግም። ትናገር። ግን ስሜን አትጥራ። ወንድሞቼ እንኳ ገበያ ላይ ስሜን አይጠሩም፤ እዚያ በባዕድ ፊት ከተጠራ እዚህ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ከተማችንንም አትጥራ። ፊቷም አይታይ። እነዚህን ሦስቱን ቃል ያስገቡልኝ።

ተማሪዎ ዱርዳና


ሃምቡርግ፣ ቀውስ 14 ቀን

ዱርዳና ጃን፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እናትሽ ሳላቸው እንደቀለላቸው ስለሰማሁ ደስ ብሎኛል።

«እንዴት ሆነ?» ላልሽኝ፣ ግብዣው ተደርጓል። እኔ አልሄድኩም፤ ልጅ ስታለቅስ እያየ ሥጋ የሚቆርጥ ሰው አጠገብ መቀመጥ አልችልም። ነገር ግን አስቀድሜ ወይዘሮ ሊንድነር ዘንድ ሄጄ ሦስቱን ቃል አንድ በአንድ አስገብቻታለሁ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «በእርግጥ! በእርግጥ!» ብላኛለች።

ከዚያ በፊት ልምምድ አድርገው ነበር። ልምምድ ስልሽ አትሳሳቺ፤ ልጅሽ የራሷን ሐዘን ተለማመደች። ተናግራ ስትጨርስ ሴትዮዋ፣ «የኔ ውድ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉም እንደዚህ ይላሉ። በዓይን የሚታይ፣ በአፍንጫ የሚሸት ነገር ስጪን» አለቻት። አርባ ዓመት ያህል ደብተር አርሜአለሁ። የአንድ ልጅ መከራ አልሞላም ተብሎ ለእርማት ሲመለስ ግን አይቼ አላውቅም!

«እና ምን አልሽ?» አልኳት ሙርሳልን።

«የሚሸት ነገር ነገርኳቸው» ብላ ደብተሯን ከፈተች። ቀጥዬ ብጠይቃት ወሬውን ወደ ሂሳብ ሥራዋ አዞረችው።

ስምሽን አልጠራችም። ከተማውንም አልጠራችም። አጎቷ «ጭብጨባው ጣሪያ ሊያነሳ ነበር!» እያለ ዳቦ ለሚገዛው ሁሉ ያወራል። ትምህርት ቤቱስ? «በጸደይ እናያለን» ተባለ። በጸደይ ሌላ ግብዣ አለ።

ሸፊቃ


ሃምቡርግ፣ ቀውስ 27 ቀን

ዱርዳና፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። የለቀማውን ክፍል ባዶ አድርጊ። አንድ መጽሐፍ አይቅር። ልጆቹም እንዳይመጡ ላኪባቸው። ይህን አድርገሽ ስትጨርሺ የቀረውን አንብቢ።

ዛሬ ባቡር ጣቢያ ግድግዳው ላይ የሙርሳልን እጆች አየሁ። እጆቿን ብቻ፤ ጣቶቿ ቢጫ ተቀብተው በሐምራዊ አበባ ክምር ላይ። ከአበባው ስር የመጽሐፍ ጠርዝ ይታያል። ጽሑፉ «መጽሐፏን ከእነዚህ አበቦች ስር ትደብቅ ነበር» ይላል። ከኔ ቁመት የሚበልጥ የማኅበሩ ማስታወቂያ ሥዕል ነው። በስልክም እየዞረ ነው።

ስም የለም። ከተማ የለም። ፊት የለም። ቃላቸውን ጠብቀዋል! ያንን አበባ የሚያውቅ ሰው ግን ስም ምን ያደርግለታል?

በልጅሽ አትፍረጂ። ያን ክፍል ስትነግራቸው ያሰበችው ስለ አንቺ ነው። የእናትን ስም በባዕድ ፊት መጥራት ነውር መሆኑን አስተምረናታል፤ ጠበቀችው። ስምሽን እንዳትጠራ ስለተከለከለች ከስምሽ በቀር ያላትን ሁሉ ሰጠቻቸው። እኛ ስሙን ስንጠብቅ በሩን ክፍት ትተነው ነበር።

ቢቢ ሻህ ነገ ትነሳለች። አላህ ያፍጥናት።

ሸ.


ሄራት፣ ጀዲ 19 ቀን

መምህርቴ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሥዕሉ ቀደመው። ሥዕል ኬላ ላይ ቪዛ አይጠየቅም።

የከልካዮቹ ተቆጣጣሪዎች ሥዕሉን በስልክ ይዘው መጡ። ወንድ የማይገባበት ክፍል ገቡ። የሰፈሩን ለቀማ ቤት ሁሉ አንድ በአንድ ፈተሹ፣ የተመረጠውን ክር አፈር ላይ ዘሩት። አብዛኞቹ ፊደል እንኳ የማይቆጥሩ ምስኪን ለቃሚዎች ነበሩ። የወር ድካማቸው ሲረገጥ ቆመው አዩ። «ምን አጠፋን?» ሲሉ የሙርሳልን እጆች አሳዩአቸው።

እኛ ቤት የሆነውን አልጽፍም። ስለ ጤናዬ ለሚጠይቁት፣ እጄም እግሬም ደህና ነው። ሽማግሌዎች ገቡና ከያዙኝ ቦታ ወጣሁ። ከእናቴ ጋር እህቴ ቤት ነኝ።

ፈሪሽታ ተዳረች። አባቷ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈራ። ተመልሰው ቢመጡ ቤቱ ውስጥ ተማሪ ሳይሆን ሙሽራ እንዲያገኙ አሰበ። በሳምንቱ ውስጥ አለቀ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ መምህርቴ። ስትሄድ ምንም አልቀለደችም።

እነዚህ ልጆቼ እንዳይማሩ ከለከሉ፤ እነዚያ ልጆቼ መማራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ማንን አስቀድሜ ልርገም? እዚህ ያሉትስ ጠላትሽ ነን ብለው ነው የመጡት። «ልንደግፋችሁ ነው» ላሉት የሚሆን እርግማን ግን ማንም አላስተማረኝም።

ለሙርሳል እንዳይነግሯት። ፈተና አለባት። ለሴትዮዋ ግን አንድም ሳያስቀሩ ይንገሯት።

ዱርዳና


ሃምቡርግ፣ ደለዊ 8 ቀን

ዱርዳና ጃን፣

ሰላም ላንቺ፣ በሕይወት ላቆየሽም ምስጋና። ከደብዳቤሽ በኋላ ወደ ማኅበሩ ለመሄድ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ በቁጣ የተናገርኩት ነገር ትክክል ሆኖ አያውቅምና።

ከዚያ ሄድኩ። ወይዘሮ ሊንድነር ሻይ አቀረበች። አልነካሁትም። የጻፍሽውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተርጉሜ አነበብኩላት። አለቀሰች። ለማልቀስ ፈጣን ናት።

«ግን እኮ የጠየቃችሁንን ሁሉ አክብረናል» አለች። «ስም አልጻፍንም፣ ፊቷን አላሳየንም።»

«አውቃለሁ።»

«ዓላማችን ዓለም እንዲያውቅ ነበር።»

«አወቀ» አልኳት። «መጀመሪያ ያወቁት እነማን እንደሆኑ አነበብኩልዎት እኮ።»

«ሥዕሉን እናወርደዋለን። ዘመቻው በሁለት ወር ውስጥ ስለሚያበቃ...»

«ዛሬ።»

«ወይዘሮ ሸፊቃ፣ ይህ በእኔ ብቻ የሚወሰን አይደለም።»

ልጅቷን መድረክ ላይ ለማቆም በእሷ ብቻ ተወሰነ፤ ሥዕሏን ለማውረድ ግን ጉባኤ ያስፈልጋል! ስወጣ በሩ ድረስ ተከትላኝ፣ «የትምህርት ቤቱ ቦታ አሁንም አለ። ሙርሳል ለጸደዩ ግብዣ ከመጣች...» አለችኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጉልበቴ እንኳ አላመመኝም።

አሁን ወደማትወጂው ነገር ልግባ። ያንቺን ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ አጥፌ ትቼው ነበር። ሙርሳል ገባችና ሳትከፍተው አነሳችው፤ እንደ ልማዷ አሸተተችው።

«አክስቴ፣ ይሄ ለምን አይሸትም?»

«ወቅቱ አልፏል።»

«በጸደይ፣ በሐመል ወር የመጣውም ይሸት ነበር። ቆርቆሮው የት ሄደ?»

ሻይ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ። «ቆርቆሮው የት ሄደ?» አለችኝ ደግማ። ዱርዳና፣ ይህች ልጅ ካንድ ነጥብ ተነስታ መልስ እንድታገኝ ያስተማርናት እኛው ነን። ዓይኗን እያየሁ ልዋሻት አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት፤ የፈሪሽታንም።

አላለቀሰችም። ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን ስትታጠብ ቆየች። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ለፈሪሽታ አንድ ገጽ ጻፈች። ይቅርታም የለበት፣ ሰላምታም የለበት፤ የሂሳብ ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። አብሬ ልኬልሻለሁ።

ሸፊቃ


ሄራት፣ ደለዊ 30 ቀን

ለመምህርቴ፣

ነገሯት። እኔ እናቷ «አይንገሯት» እያልኩ።

ልጄ ካጠገቤ ብትሆን ይዣት አድር ነበር። እዚያ ማን ያዛት? እርስዎ ለሐቅ ይኖራሉ፤ እኔ ለልጄ። ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬን ደግሞ ለእርስዎ ለመደበቅ አልሞክርም፤ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት።

ሙርሳል የጻፈችው ገጽ እጄ ገብቷል። አደርሰዋለሁ ወይስ አላደርሰውም፣ አልነግርዎትም።

ዱርዳና


ሃምቡርግ፣ ሑት 24 ቀን

ዱርዳና ጃን፣

ቁጣሽ ተገቢ ነው። «ማን ያዛት?» ላልሽው፣ እኔ ይዣታለሁ። ሌላ መከራከሪያ የለኝም።

ለጸደዩ ግብዣ እንድትሄድ ያስገደዳት አልነበረም፤ «እሄዳለሁ» ያለችው ራሷ ናት። አጎቷ መኪናው ውስጥ፣ «እንግዲህ እንዳታዋርጂኝ፤ ደህና አድርገሽ ተናገሪ» አላት።

«ደህና አድርጌ ነው የምናገረው፣ አጎቴ» አለችው።

በዚህኛው እኔም ነበርኩ፤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ወጣች። ማስታወሻ አልያዘችም። የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፦ «እጄን አይታችሁታል። ያ ሥዕል ከተለጠፈ በኋላ ጓደኛዬ ከትምህርቷ ተነጥላ ተዳረች። ስሟን አልነግራችሁም። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ታሪክ የለኝም። መማር ነው የምፈልገው። የሂሳብ ጥያቄ ያለው ሰው ካለ ይጠይቀኝ።»

ቆማ ጠበቀች። ሹካ የሚያስቀምጥ ሰው ድምፅ ተሰማ። አንድም ሰው አልጠየቃትም። አመስግና ወረደች።

ሥዕሎቹ በማግስቱ ወረዱ፤ ጉባኤው በአንድ ሌሊት ተሰበሰበ መሰለኝ። ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ወይዘሮ ሊንድነር ደውላ፣ «ሙርሳል ገና ዝግጁ አይደለችም ብለን እናስባለን» አለች። አጎቷ ለአንድ ሳምንት አላነጋገራትም። ከዚያ አንድ ቀን ትኩስ ዳቦ ይዞ ቅዳሜ ክፍሌ ድረስ መጣ፤ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ «መምህርት፣ ያቺ የተዳረችው ልጅ... የማን ልጅ ናት?» አለኝ። «አልነግርህም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ዳቦውን ሰጥቶኝ ሄደ።

እኔ ሙርሳልን ይዤ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ወዳለው ተራ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እዚያ ማንንም አላውቅም። «እንደማንኛውም ልጅ ፈትኗት፤ ሌላ ምንም አልጠይቅም» አልኳቸው። ፈተኗት። አልፋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ከሚገባው አዲሱ ዓመታችን በኋላ ከእኩዮቿ ጋር ትገባለች። የመጨረሻውን ጥያቄ ቸኩላ አበላሽታዋለች፤ ነግሬአታለሁ።

የቅዳሜው ክፍል በር አሁን ከውስጥ ይቆለፋል። እንግዳ ቢመጣ ልጆቹ የጀመሩትን እስኪጨርሱ ደረጃው ላይ ይጠብቃል።

አንቺስ? ልጆቹስ? ሙርሳልም የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሸፊቃ


ሐመል 17 ቀን 1403

ለተከበሩ መምህርቴ፣

አዲሱ ዓመት ይባረክልዎ። እጅዎን እስማለሁ፤ ይህን ጊዜ ከልቤ ነው፤ ያለፈው ጊዜ ጨርሶ መሳሙን ትቼው ነበርና ልብ ብለውት ይሆናል። እናቴ አረፈች። በሰላም ነው፤ እግሯ ሥር ነበርኩ። ለሙርሳል ይህን እርስዎ ይንገሯት፤ እርስዎ ሲነግሯት ጸንታ እንደምትቆም አይቻለሁ።

በመጨረሻው ጥያቄ ስለቸኮለች ስለ እኔም ይቆጧት።

ስለ ልጆቹ ለጠየቁኝ፣ እናነባለን። የት እንደሆነ አልጽፍም። ከምን ስር እንደሆነም አልጽፍም፤ ለእርስዎም ቢሆን፣ ለልጄም ቢሆን። ቢቢ ሻህም አታውቅም። ከተማውን ከቀኑ በፊት ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም።

ልጆቹ ከበፊቱ ያንሳሉ። አንዲት አዲስ ሙሽራ ግን መጥታለች። ባሏ የት እንደምትውል ያውቃል፤ ምን ስታደርግ እንደምትውል አያውቅም። ከሩቅ የመጣላትን አንድ ገጽ የሂሳብ ጥያቄ በቃሏ ይዛ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጣለችው። መልሶቹን አንድ በአንድ በጆሮዬ ነገረችኝ። ሁሉም ልክ ናቸው። ከዚያ፣ «ጠያቂዋ ግን ቀላል ቀላሉን ነው የላከችው፤ ስላገባሁ የደነዘዝኩ መሰላት እንዴ?» አለችኝ። ከባድ ከባዱን ትላክ።

ሙርሳል ይህን ወረቀት ማሽተቷ አይቀርም። ታሽትተው። ምንም አታገኝበትም፤ እጄን ታጥቤ ነው የጻፍኩት።

ተማሪዎ